በሐናን ኪቦርድ ላይ

«የቷ ሐናን?» ነው ያልኩት። የደወለልኝ ወንድሟ ሙባረክ ነበር።

«እህቴ ሐናን። ጠዋት ወደ አኼራ ሄደች። ከዙሁር ሰላት በኋላ ቀበርናት።»

ቃሊቲ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ተራዬ ደርሶ አለፈኝ። እስካሁንም አላመንኩም። ባለፈው እሁድ እኮ ስታሾፍብኝ ነበር!

ለማታውቋት፦ ሐናን ፕሮግራመር ነበረች። አንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ለሱቆችና ለመጋዘኖች ሶፍትዌር እንሠራ ነበር። ሥራ የጀመርኩ ቀን ማውሴን ነቅላ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት።

«ኮድ የምትጽፊው በጣትሽ ነው ወይስ እሱን በመጎተት?»

በማውስ ፋንታ በቁልፍ የሚሠሩትን ሾርትከቶች እሷ ናት ያስለመደችኝ፤ መስመር ማንሳቱን፣ መፈለጉን፣ አንድን ቃል ካለበት ሁሉ በአንዴ መቀየሩን። ለትንሽ ነገር ሁለት እጄን ስዘረጋ ካየች «ጣት አታባክኚ!» ትለኛለች። ቢሮው በሙሉ አባባሏን ወረሰው።

ከዚያ እጇ መታመም ጀመረ።

መጀመሪያ የሻይ ብርጭቆ ወደቀባት። ሳቅንባት። ሐኪሙ የነርቭ በሽታ እንደሆነና እየባሰ እንደሚሄድ ነግሯት ኖሯል፤ ለእኛ ትንፍሽ አላለችም። እኔ ያወቅኩት በኪቦርዷ ነው። አንድ ቀን እሷ ኮምፒውተር ላይ ሴቭ አደርጋለሁ ስል መስመሩ በሙሉ ጠፋ።

«ምን አድርገሽው ነው?»

«ቀየርኩታ። ሁለት ጣት የሚፈልጉትን በሙሉ በአንድ ቁልፍ አደረግኳቸው።»

«ለምን?»

ቀኝ እጇን በግራዋ አንስታ አሳየችኝ። «ይቺ ጡረታ ልትወጣ ነዋ።»

ከዚያ ወዲህ አንድ ጣት በደከመ ቁጥር፣ ምሳ ሰዓት ላይ ቁጭ ብለን ሾርትከቶቿን ወደቀሩት ጣቶች እናዛውር ነበር። አዲሱን አቀማመጥ ለመልመድ ስትታገል አንዳንዴ ዕንባዋ ይመጣል። «ገና አሁን ለመድኩት ስል እኮ ነው» ትላለች። ከዚያ እንደገና ትጀምራለች።

ቢሮ መምጣት ሲያቅታት ኮዬ ፈጬ እቤታቸው መሄድ ጀመርኩ። ለአንድ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ፕሮግራም ነበረ፤ ሳልጨርሰው አልተኛም ብላለች። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። በራሴ ሾርትከት ልሥራው ስላት ተቆጣች።

«በኔ አቀማመጥ ነው የምትጽፊው። ሥራው የኔ ነው።»

እሁድ ዕለት እጄ በለመደው ሄዶ አሁንም መስመር አጠፋሁባት። ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተቀየረ። እናቷ ከጓዳ ሮጠው መጥተው ደግፈው አቀኗት።

«ይብቃችሁ ለዛሬ» አሉን።

«አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው፣ እማ።»

የመጨረሻውን ሴቭ እሷ እንድታደርገው እጇን አንስቼ ቁልፉ ላይ አስቀመጥኩላት። መጫን አቃታት። ጣቴን ጣቷ ላይ አድርጌ አብረን ተጫንነው። ስክሪኑን ብዙ አየችው።

ሐናንዬ፣ ፕሮግራምሽ ሥራ ሊጀምር ነው። በየቀኑ የሚከፍተው ሰው ማን እንደሠራው አያውቅም፤ ይሄ ያንገበግበኛል። አሁን እናንተ ሕንጻ ሥር ደርሻለሁ። ድንኳን ተተክሏል፣ ደረጃው በጫማ ተሞልቷል። መግባት አቅቶኝ እዚህ ቆሜ ነው የምጽፍልሽ። አላህ በእዝነቱ ይቀበልሽ። ደህና ሁኚ እህቴ። ልግባና እናትሽን ልቀፋቸው።