የበቅሎዋ እርማት

ጋዜጣ ላይ አንዲት በቅሎ አሞግሼ ሽማግሌ ፊት ቀርቤያለሁ። ሌላው ሰው ሰርቆ ወይ ተደባድቦ ይቀርባል፤ እኔ የቀረብኩት በቅጽል ብዛት ነው።

የምጽፈው ፊቸር የሚሉትን ረዘም ያለ ትረካ ነው። ስብሰባ ተካሄደ፣ ችግኝ ተተከለ እያልኩ ዕድሜዬን አልፈጅም፤ ዜናውን ሌላው ይጻፈው። ባሕር ዳር ያለው አዘጋጄ ስልክ ባነሣ ቁጥር የሚለኝ አንድ ነገር ነው፦ «መግቢያው አንባቢውን ይያዘው፤ ከያዘው በኋላ አይልቀቀው።» እኔም ደባርቅ ተቀምጬ፣ ከዳባት እስከ አዲ አርቃይ፣ የሚይዝ ነገር ስፈልግ እውላለሁ። በዚህ ፍለጋ ነው ከተራራው መንደር ከጊች ወርደው ከከተማው ዳር የሰፈሩ አንድ አዛውንት ያገኘሁት። ያለቻቸው አንዲት ዳማ በቅሎ ናት። ፈረንጅ ሲመጣ ጓዙን ተሸክማ ወደ ተራራው ትወጣለች፤ ፈረንጅ ሲጠፋ የሰው እህል ታመላልሳለች። እሳቸውም በእሷ ይኖራሉ።

ግማሽ ቀን አወራን። እኔ ብዙ ጠየቅሁ፣ እሳቸው ጥቂት መለሱ፤ የጎደለውን ቤቴ ገብቼ ሞላሁት። «ደመና ረግጣ የምትወጣ በቅሎ አለች» ብዬ ጀመርኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ይህን ስጽፍ ለራሴ አጨብጭቤያለሁ። ዐይኗን አሞገስኩ፣ ስግሪያዋን አሞገስኩ፣ ጥርሷን እንኳ አልማርኩም።

ጋዜጣው በአውቶቡስ መጣ። ቅዳሜ ለገበያ የወጣው ሁሉ «ያቺ ጋዜጣ ላይ የወጣችው የታለች?» እያለ ግቢያቸው ይገባ ጀመር። ከዳባት ድረስ በሚኒባስ መጥተው አብረዋት ፎቶ የተነሡ አሉ። አንድ የባንክ ሠራተኛ ከነከረባቱ አንገቷን አቅፎ ተነሣ። በሦስተኛው ቀን በቅሎዋ ገብስ ተወች፤ በአራተኛው ቀን ተኛች።

የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ መርፌ ወጋትና «እስቲ ጠብቁ» ብሎ ሄደ። ባለበቅሎው ግን የያዛትን ያውቁታል፤ ዓይን ነው። በእኛ አገር ቆንጆ ሕፃን «መልከ ጥፉ» ተብሎ ይጠራል፤ ላም ስትወፍር «ምነው ከሳች» ይባላል። አፉ ያመለጠው ሰው እንኳ «ከዓይን ያውጣት» ብሎ እንትፍ እንትፍ ይላል። እኔ ስምንት አንቀጽ ሙሉ ሳሞግስ አንድም ቦታ እንትፍ አላልኩም።

ባለበቅሎው ሲከሱኝ ለሽምግልናው የተቀመጡት የንስሐ አባታቸው ናቸው፤ ረጋ ብለው፣ እያንዳንዷን ቃል እየመዘኑ የሚናገሩ የደብሩ ቄስ። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አንብበው «ከዓይን ያውጣት» የሚለውን ፈልገው አጥተውታል።

«አባ፣ እሱን አዘጋጁ ቆርጦት ይሆናል» አልኩ። ዋሸሁ፤ ጨንቆኝ ነው።

«በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት፣ አጎቴ ፈረስ ነው አለች» አሉ ቄሱ።

ውሸቴ እንደታወቀ ገባኝ። ባለበቅሎው ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «ልጄ፣ እሷ ከሞተች እኔ ምን ሠርቼ እበላለሁ? በዚህ ዕድሜዬ ጭነቱን እኔ ልሸከም?» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ፍርዱ አጭር ነበር። በጽሑፍ የመጣ በጽሑፍ ይመለስ። ያሞገስኳትን ልሰድባት፣ ስድቡም በዚያው ጋዜጣ ይውጣ ተባለ።

ለአዘጋጁ ደወልኩ።

«ማስተባበያ? የበቅሎ?» አለ።

«አዎ።»

«ቅሬታ ያቀረበው ማን ነው?»

«በቅሎዋ ናት ማለት ይቻላል።»

ስቆ ስቆ ሲያበቃ፣ አለቃነቱ ትዝ አለው። «እርማት ዓምድ ላይ አራት መስመር እሰጥሻለሁ። ግን እውነት ብቻ። ያልተረጋገጠ ስድብ አላወጣም።» ሳሞግሳት አንድም ማረጋገጫ ያልጠየቀኝ ሰውዬ ነው እንዲህ የሚለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ደብተሬን ይዤ የበቅሎ ነውር ልመዘግብ ጋጣው በር ላይ ተቀመጥኩ። ቄሱ በርጩማ ላይ ናቸው። ባለበቅሎው «እሷም ትስማ» ስላሉ ሥራው የሚሠራው ፊቷ ነው፤ ተጋድማ ታየናለች።

«ትነክሳለች» ብለው ባለበቅሎው ጀመሩ።

«ማንን?»

«ያገኘችውን። ያንዱን ፈረንጅ ባርኔጣ በልታበታለች።»

«ዕድሜዋስ?»

«አርጅታለች። ግራ ዐይኗም ማየት ከተወ ቆየ።»

ያንን ዐይን ነበር «የሰሜን ንጋት» ያልኩት። እሱንም ጻፍኩ።

«ጃንጥላ ትፈራለች» አሉ ቄሱ። «ለማርያም በዓል ተውሼያት ከነካባዬ ጭቃ ላይ ጥላኛለች። ጻፊው፣ ምስክሩ እኔ ነኝ።»

«ዳገት ላይ ደግሞ፣ አባ ይቅር ይበሉኝና፣ ፈሷ አያስቀርብም» አሉ ባለበቅሎው። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ ባለበቅሎውም ፈገግ ሲሉ ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ።

«አንድም ቀን እምቢ ብላ አታውቅም ብለሽ ጽፈሻል፤ አባ አንብበውልኛል። ይህን ማን ነገረሽ?»

ማንም አልነገረኝም። ለጆሮዬ ስላማረ ነው የጻፍኩት። እንዳለ ነገርኳቸው።

«ጊች ሳለን ባለቤቴን ምጥ ያዛት» አሉ። «ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ክረምት ነበር። እሷ ላይ አስቀምጬ ወደ ደባርቅ ላወርዳት ተነሣሁ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ሞልቷል። እምቢ አለች። ጎተትኳት፣ ገረፍኳት፣ ለመንኳት፤ እግሯን አላነሣችም። ባለቤቴ እዚያው ወንዙ ዳር አረፈች፤ ልጄም በሆዷ እንዳለ።»

ቄሱ አማተቡ። እኔ፣ ልናገረው፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ «መግቢያው ይኼ ነበር» የሚል ነው። እጄም አእምሮዬን ሳይጠብቅ መጻፍ ጀምሯል። በራሴ አፈርኩ፤ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት።

«ይህን አልጽፍም፣ አባቴ።»

«ጻፊ እንጂ። አንድ ቀን እምቢ ብላለች በይ።» ወደ በቅሎዋ ዞረው ጆሮዋን ያሻሹ ጀመር። «ቀጥለሽ ደግሞ፣ ልክ ነበረች በይ። የዚያን ዕለት ያው ወንዝ የጎረቤቴን ጥንድ በሬ ወስዷል። ብንገባ ማናችንም አንወጣም ነበር። ያኔም አውቀዋለሁ። አውቄም ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ኮርቻ ስጭንባት፣ አንቺ ነፍሰ ገዳይ እያልኩ ነው የምጭናት።»

«ይህማ ውዳሴ ሆነ» አሉ ቄሱ። «የተፈረደው ስድብ ነው። በሽታዋን ታብሱባታላችሁ።»

«ይሁን አባ። የምትሞትም ከሆነ ሰምታው ትሙት።»

እንዳሉኝ ጽፌ ላክሁ። አራት መስመር ተፈቅዶልኝ አምስት ሆነብኝ። እርማቱ ሳይታተም በቅሎዋ በራሷ ጊዜ ተነሥታ ገብሷን መብላት ጀመረች። ሐኪሙ መርፌዬ ነው ይላል፤ እኔ አላውቅም።

ጋዜጣው ሲመጣ አውቶቡሱ ደጃፍ ላይ ቆሜ ገለጥኩት። «ባለፈው እትማችን ያሞገስናት በቅሎ ትነክሳለች፤ ግራ ዐይኗ አያይም፤ ጃንጥላ ትፈራለች፤ አንድ ቀን እምቢ ብላለች። በቅሎዋንና አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።» አለቀ። አዘጋጁ ለይቅርታው ቦታ አግኝቶ «ልክ ነበረች» የሚለውን ቆርጦታል። ደውዬ ጮኽሁበት፤ «መስመር ሞላ» አለኝ።

ምን ብዬ እንደምነግራቸው ሳላውቅ ሄድኩ። ባለበቅሎው ፊደል አልቆጠሩም፤ ስለዚህ ጋዜጣውን ለቄሱ ሰጠሁና ዐይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ቄሱ እንደ ወንጌል እየመጠኑ አነበቡ። ትነክሳለች። ግራ ዐይኗ አያይም። ጃንጥላ ትፈራለች። «አንድ ቀን እምቢ ብላለች» ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጋዜጣውን ወደ ዐይናቸው አስጠጉት፤ እኔንም አንድ ጊዜ አዩኝ።

«ልክ ነበረች» ብለው አነበቡ።

ባለበቅሎው የበቅሎዋን አንገት አቀፉ።

«እስቲ እሱን ይድገሙልኝ፣ አባ» አሉ።

ቄሱ ጋዜጣውን እያዩ ደገሙላቸው።