አፈሩ ያንተ ነው ጌታ

ያን መዝሙር ስጽፍ ቢቸና የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከሰንበት ትምህርት ቤታችን መዘምራን መካከል ግጥም የምሞክረው እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ ለደብራችን ክብረ በዓል የሚሆን አዲስ መዝሙር አምጪ ተባልኩ። ወሩ ጥቅምት ነው። ከከተማው ዳር ያለው የአባቴ ማሳ በኑግ አበባ ቢጫ ሆኗል። ብዙም አልተጠበብኩም፤ ያየሁትን ጻፍኩ። ጮቄን ጉም ያለበሰውን፣ ለዓባይ ገደሉን ሰንጥቆ መንገድ የሰጠውን፣ ከአንዲት የጤፍ ቅንጣት እልፍ የሚያወጣውን አምላክ አመሰገንኩ። አዝማቹ እንዲህ ይል ነበር፦

ቆጥረው ቆጥረው ቢያቅታቸው፣
አበባው ያንተ ነው ጌታ።

ጠቢባን የፍጥረትህን ብዛት ቆጥረው አይዘልቁትም ማለቴ ነበር። ሌላ ነገር አልነበረበትም።

ማንኛውም መዝሙር ከመጠናቱ በፊት የደብሩ የቅኔ መምህር ያዩታል። ሁላችንም የኔታ ነው የምንላቸው። ወረቀቱን ለዓይናቸው አቅርበው ሁለቴ አነበቡት፤ ከዚያ በጣታቸው አዝማቹን መታ መታ አደረጉ።

«አበባ ይረግፋል ልጄ» አሉኝ። «ከማይረግፈው ጋር አስጠጊው። ‹አፈሩ ያንተ ነው ጌታ› በይ። አፈር ደግሞ አይቆጠርም፣ ይለካል። ‹ለክተው ለክተው› ብታደርጊው ይገጥምልሻል።»

የሚያስተካክሉት ለሚወዱት ተማሪ ብቻ ነው ይባል ስለነበር ደስታዬን አልቻልኩትም። ልምምድ ላይም መጥተው ቆሙ። ከበሮ መቺውን «እዚህ ላይ፣ ‹ፈ› ላይ አጥብቀህ ምታ» አሉት። ዜማውን እያሳመሩልን መሰለኝ።

ያ ዓመት መሬት እንደገና የተከፋፈለበት ዓመት ነበር። አባቴ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ስለነበር «ቢሮክራት» ተብሏል። የድልድሉ ኮሚቴ ሰዎች መለኪያ ገመድ ይዘው ሊመጡ እንደሆነ ሰምተናል፤ እቤት ግን እኔ ስገባ ወሬው ይቋረጣል። እውነቱን ልናገርና፣ ያንን ጉዳይ ከመዝሙሬ ጋር ለአንድ አፍታ እንኳን አላገናኘሁትም።

በየካቲት ደብራችን ነገሠ። ታቦቱ ወጥቶ ዑደት ካደረገ በኋላ ተራው የኛ ሆነ። ነጠላችንን መስቀለኛ አጣፍተን በሁለት ረድፍ ቆምን። ግቢው በሰው ጢም ብሏል። የጮቄውን ስንኝ ስንል ሴቶች እልል አሉ። የጤፉን ስንል ወንዶች አጨበጨቡ። ከዚያ አዝማቹን አነሣን፦

ለክተው ለክተው ቢያቅታቸው፣
አፈሩ ያንተ ነው ጌታ።

ጭብጨባው ቀጥ አለ። ተሳስተን ይሆን ብዬ ጓደኞቼን አየሁ። ሁለተኛ ስንለው አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። ከኋላ አንድ ሰው «ድገሙት!» ብሎ ጮኸ። «ድገሙት! ድገሙት!» አለ ግቢው በሙሉ። ደገምነው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ምስጋና አልነበረም። አባቴን በዓይኔ ፈለግሁት፤ አንገቱን ደፍቶ በሕዝቡ መካከል እየተጋፋ ወደ በሩ ሲወጣ አየሁት።

በማግስቱ ቀበሌ ተጠራሁ። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሹም ወጣት ነበር፤ የአገራችን ልጅ ነው።

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«አባትሽ ነው የነገረሽ?»

«አባቴ ምኑን ነው የሚነግረኝ? መዝሙሩ ስለ አፈር ነው» አልኩና ከወረቀቱ ላይ አነበብኩለት።

«አንብቢ አላልኩሽም። እንደ ትናንቱ ዘምሪው።»

በከበሮው ፈንታ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታልኝ ዘመርኩ። ‹ፈ› ላይ ስደርስ መታ፤ ቃሉም አፌ ውስጥ ጠበቀ። ለክተው ለክተው ቢያቅታቸው አፈሩ። የለኩት ሰዎች አፈሩ፤ ኀፍረት ያዛቸው። መሬቱ ያንተ ነው ጌታ። ያን ሁሉ ቀን ስዘምረው ኖሬ ያን ጊዜ ገና ሰማሁት።

«አላወቅሁም» አልኩት። «በማርያም፣ አላወቅሁም!»

«የቢሮክራት ልጅ፣ አላወቅሁም ትላለች» አለና ሳቀ።

ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላስታውስም። በሩ ተንኳኩቶ የኔታ በከዘራ ገቡ። ሹሙ እንደ ተማሪ ብድግ ብሎ ቆመ። ለካ በልጅነቱ ቅኔ የቆጠረው እሳቸው ዘንድ ነው።

«ልጅቷ የጻፈችው ስለ አበባ ነው» አሉት። «አፈሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«የኔታ! ምን ነካዎት? እርስዎን ምን አድርግ ይሉኛል?»

«እኔ ያስተማርኩህ ቅኔ ነው፤ ገመድ አላስተማርኩህም።»

ሹሙ ወረቀቴን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና «መዝሙሩ ሁለተኛ እንዳይሰማ። ሂጂ» አለኝ። እሳቸውን አስቀራቸው። በሳምንቱ የኔታ ደብሩን ለቀው ወደ ሞጣ መሄዳቸውን ሰማን። ያባረራቸው ይኑር፣ በራሳቸው ይሂዱ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የአባቴም ማሳ ተለካ፤ ከግማሽ በላዩ ለሌላ ተሰጠ። ገመዱ ሲዘረጋ አባቴ ከሹሙ ይልቅ እኔን ነበር የሚያየው። «ኮሚቴው ሁሉ ልጅህን ልከህ አሰደብከን ይለኛል» አለኝ አንድ ቀን። «አላወቅሁም» ብለው የማያምነኝ መስሎኝ ሳልነግረው ቀረሁ።

አስተማሪ ሆኜ ሞጣ ስመደብ ሰባት ዓመት አልፎ ነበር። የኔታን አፈላልጌ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ተቀምጠው ያስተምራሉ። በድምፄ አወቁኝ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው፣ ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ።

«ብነግርሽ ታውቂ ነበር» አሉ። «ብታውቂ ድምፅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«ቢያስሩኝስ? አባቴን ቢገድሉትስ?»

ተማሪዎቹን በእጃቸው ምልክት አራቋቸው። ከዚያ ከዘራቸውን ጥለው፣ መሬቱን በእጃቸው እየዳበሱ፣ እኒያ ትልቅ ሰው እግሬ ላይ ሊወድቁ ጎንበስ አሉ።

«ኧረ በሥላሴ! የኔታ፣ ምን ያደርጋሉ!» ብዬ ትከሻቸውን ይዤ ለማንሣት ታገልኩ።

«የሌላ ሰው ልጅ አፍ ተውሼ ተናገርኩ» አሉ፣ እንደ ጎነበሱ። «ያኔ የራሴ አፍ አንሶኝ አልነበረም። ፈርቼ ነው።»

ደግፌ አስቀመጥኳቸው። ይቅር ብዬዎታለሁ የሚለው ቃል ግን ያን ቀን ከአፌ አልወጣልኝም። ያልኳቸው በሦስተኛው እሑድ ነው።