አባቴን «ዘበኛ ነው» ያልኩበት ቀን

ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ቾል እባላለሁ። ዛሬ የቆምኩት ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ፈልጌ ነው። ግን እያፈርኩ ነው የምናገረው። አባቴ እዚያ ከኋላ ተቀምጧል፤ እሱ እየሰማ መናገር ይከብደኛል። እሱ በሌለበት ባወራው ደግሞ እንደገና የደበቅኩት ይመስለኛል። ጌታ ይርዳኝ።

ያደግኩት ኢትዮጵያ ነው። የደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲያሳድደን እናቴ መንገድ ላይ ቀረች፤ ድንበሩን አዝሎ ያሻገረኝ አባቴ ነው። ጋምቤላ ካምፕ ውስጥ እንጨት እየፈለጠ፣ ለሰው ጎጆ እየሠራ አስተማረኝ። ሰላም ሲሆን ጁባ ገባን። እኔም አማራት የሚባለው ሰፈር አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ተቀጠርኩ። አማርኛም እንግሊዝኛም ስለምችል ሁሉም ወደደኝ፤ ከረባት አሰርኩ። ያኔ የጓደኞቼ አባት ሁሉ ኮማንደር ነበር። «ያንተስ?» ሲሉኝ፣ «የኔም ኮማንደር ነበር፤ ጦር ሜዳ ሞተ» አልኩ። የሆቴላችን ባለቤት እትዬ ሰናይት አለቀሱልኝ። አባቴ ግን ጀበል ሰፈር በተከራየናት ክፍል እራት ሠርቶ ይጠብቀኝ ነበር!

እሱ ድሮም አማኝ ነው። ጠዋት ጠዋት ስሜን እየጠራ ሲጸልይ እኔ ትራስ ጆሮዬ ላይ እጭን ነበር። በኋላ እግሩ ላይ ቁስል ወጣበት። «ልጄ፣ ይቺ እግሬ አልድን አለች» ሲለኝ፣ «እሺ፣ ሰሞኑን ሐኪም ጋ እንሄዳለን» እለዋለሁ። አልወሰድኩትም። ጊዜ አጥቼ አይደለም ወገኖቼ። ያ ግንባሩ ላይ ያለው የጎሳችን የኑዌር ጠባሳ፣ ያ የቁስሉ ሽታ… ከእሱ ጋር መታየት አፍሬ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ደወለችልኝ። አባቴ ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ ወድቋል፤ ሰዎች ቡሉክ ሰፈር ወደሚገኝ ክሊኒክ ወስደውታል። «የሰፈር ሰው ታሞብኝ ነው» ብዬ ልወጣ ስል እትዬ ሰናይት «ና፣ በመኪና ላድርስህ» አሉኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ።

ሐኪሙ ኢትዮጵያዊ ነበር። ቁስሉን ገልጦ አየና «ምንህ ናቸው?» አለኝ። እትዬ ሰናይት ከጎኔ ቆመዋል።

«የግቢያችን ዘበኛ ነው» አልኩ።

አባቴ አማርኛ ይሰማል። ሐኪሙ ወደ እሱ ዞሮ «አባባ፣ ቤተሰብ የለዎትም? ደም የሚሰጥ ዘመድ እንፈልጋለን» አለው።

አባቴ አየኝ። ከዚያ ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሣና «የለኝም» አለ። «ዘበኛ ነኝ። ይሄ ልጅ ጥሩ ሰው ነው፤ ያበላኛል።»

ወገኖቼ! እኔ እንዳላፍር ብሎ እሱ ልጅ የሌለው ሰው ሆነ! አልጋው ሥር ወድቄ «አባዬ» አልኩት። «ዶክተር፣ አባቴ ነው። ደሜን ውሰድ።»

እትዬ ሰናይት «አንተ ቾል!» አሉ። «ሞተ ብለህ ያስለቀስከን አባትህ?»

ሐኪሙ ግን የባሰውን ነገረኝ። «ቀደም ብለህ ብታመጣቸው እግራቸውን እናተርፈው ነበር። አሁን እግሩ ይቆረጣል፤ ሕይወታቸው ከተረፈ ተመስገን ነው።»

ደሜን ሰጥቼ ደጅ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ጸለይኩ። «ጌታ ሆይ፣ ‹ልጅ የለኝም› እንዳለ አትውሰደው» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ጌታ ሰማኝ! ሃሌሉያ! በማግስቱ አባቴ ዓይኑን ገለጠ። በቋንቋችን የጠየቀኝ የመጀመሪያ ነገር «በልተሃል?» የሚል ነበር። እግሩን ያጣ ሰው እኮ ነው! እያለቀስኩ ይቅርታ ስለምነው «እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ዘበኛ ቢሉኝ ምን ይጎድልብኛል? አንተ በሰው ፊት እንዳትዋረድ ብዬ ነው» አለኝ።

ኢየሱስ የእኛን ነውር ተሸከመ ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማ ነበር፤ እንደ ተረት ነበር የምሰማው። ያን ዕለት ገባኝ። አባቴ እጁን ራሴ ላይ ጫነ፤ እኔም ጌታን ተቀበልኩ። ስሙ ይባረክ!

የአባቴ እግር ግን አልተመለሰም። ጌታ ይቅር ብሎኛል፣ አባቴም ይቅር ብሎኛል፤ ሆኖም ክራንቹን ሲደገፍ ባየሁት ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። ዛሬ ገላውን የማጥበው፣ ልብሱን የማለብሰው እኔ ነኝ። ይሄ ውለታ አይደለም፤ ጌታ የሰጠኝ ሥራ ነው። እዚህ እጃችንን አንሥተን እየዘመርን ቤታችን ያለውን ሰው ከረሳነው፣ ዝማሬው ለማን ነው?

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ የምታፍሩበት አባት፣ የሸሸጋችኋት እናት፣ ስልኩን የማታነሡለት ወንድም ካላችሁ ዛሬውኑ ሂዱ። ሰው ምን ይለኛል አትበሉ፤ ጌታን እመኑት። ብዙ ጊዜ እኛ አፍረንበታል፤ እሱ ግን በእኛ አላፈረም። አሁን ልውረድና ከአባቴ አጠገብ ልቀመጥ። ጌታ ይባረክ።