አርባና ሰማንያ ቀን

ሣጥኔ ውስጥ አንድ ጣት የምታህል ቁራጭ ማተብ አለች። ክሩ ጥቁርና ቀይ ነው፤ ያስጠጉን የይፋት ሙስሊም እናት ከሻሻቸው ጫፍ መዝዘው የሰጡን። ሳሸታት የሮቢ ወንዝ ጭቃና የማሽላ እሸት ይሸተኛል። ልጆቼ የሣጥን ሽታ ነው ይሉኛል፤ ይበሉ።

ጣሊያን ደጋውን ሲያቃጥል እኔና እናቴ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወረድን። አባቴ ከአርበኞች ጋር በረሃ ገብቶ ነበር። እናቴ እዚያው ማሽላ ማሳ ዳር ባለች ጎጆ እህቴን ወለደች። ልጅቱ ትንፋሿ ሲጥ ሲጥ የሚል፣ ጡት የማትይዝ ሆነች። ዘጠኝ ዓመቴ ነበርና እንደምትሞት ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። እናቴን እንቅልፍ የነሳት ግን ሞቷ ብቻ አልነበረም፤ ክርስትና ሳትነሳ መሞቷ ነበር። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ነው። አርበኞቹን ተከትለው ከደብረ ሲና በኩል የሚወርዱት ቄስ ደግሞ በእኛ በኩል የሚያልፉት ልክ በአርባኛው ቀን ሆነ። ዳግም መቼ እንደሚመጡ የሚያውቅ አልነበረም።

ስለዚህ አዋላጇ አሮጊት ለቄሱ «ወንድ ነው» አሉ። ስሙም ገብረ ሥላሴ እንዲባል ነገሯቸው።

ቄሱ ሾላ ዛፍ ሥር በእንጨት ገበታ ውሃ ባረኩ። እናቴ አራስ ናትና ራቅ ብላ ቆመች። በቅጠሉ መሐል የሚወርደው ፀሐይ ውሃው ላይ ይርገበገብ ነበር። ቄሱ ጨርቁን ፈትተው ልጅቱን ብድግ አደረጉና ቀጥ አሉ። ክርስትና ራቁት እንደሚነሳ እያወቅን እንዴት እንደዘነጋነው ዛሬም ያስቀኛል። ያን ጊዜ ግን የምንገባበት ጠፋን።

«ሴት ናት» አሉ ቄሱ ቀስ ብለው። «ሔዋን እንኳ ገነት የገባችው ሰማንያ ቀን ጠብቃ ነው።»

እናቴ በቄስ ፊት ቀና ብላ የማታውቅ ሴት ነበረች።

«አባቴ፣ ሔዋን ስትጠብቅ ደጇ ላይ ጣሊያን አልነበረባትም» አለች።

«ለታመመችማ መቼ ተከለከለና ነው ልጄ? ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ለሴት ልጅ ማን ይቸኩላል ብዬ ነው።»

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያም ልጅቱን ሦስት ጊዜ ነክረው «ወለተ ሥላሴ» ብለው ጠሯት። ገብር አገልጋይ፣ ወለት ልጅ ማለት እንደሆነ ያወቅሁት ኋላ ነው። ያን ለት ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ያቺ ጭብጥ የማትሞላ ልጅ ሰማይ ቤት በስሟ ተጠራች ብዬ ወደ ላይ አንጋጠጥሁ። ከዚያ ወዲህ ትልልቅ ካቴድራል ገብቻለሁ፤ እንደዚያች ሾላ ሥር የፈራሁበት የለም።

እህቴ በስድሳኛ ቀኗ ሞተች። ማተቧን እንዳሰረች ቀበርናት፤ ከክሩ የተረፈው ይኸው ነው። እናቴ አፈሩ አጠገብ ተቀምጣ በጣቶቿ ስትቆጥር ቆየች።

«ሃያ ቀን ይቀራት ነበር» አለችኝ። «ሔዋንን ቀድማት ገባች።»