ያልቀመስኩት ጠላ

ይህ የደረሰብኝ መሬታችን በእኔና በባሌ ስም በተመዘገበ በዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህ ግን ባሌን ወገቡን ባመመው ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የምንኖረው መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ነው። ባሌ ሽፈራው ገብስ ተሸክሞ ከወደቀ ጀምሮ ወገቡን ያመዋል። ማጎንበስ የማይችል ገበሬ ምን ይሠራል? ጠበል ሞከረ፣ ወጌሻም አሸው፤ አልሆነም። ሲቸግረኝ ለደብራችን ለማርያም ተሳልኩ፤ ወገቡ እስኪሻለው ድረስ ጠላ አልቀምስም አልኩ። ጠላ ስለምወድ ቀላል ስለት አልነበረም። ሳይሰምር ካወራሁት ይበላሽብኛል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ከወገቡ ሌላ ሆዱ ተጨመረ። ይነፋዋል፣ ያቃጥለዋል፣ የበላውን ያስመልሰዋል። ያኔ ነው አስተያየቱ የተለወጠብኝ። በእኛ አገር ጠላ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ምንም እንደሌለበት ማሳያ ነው። እኔ ደግሞ በስለቴ ምክንያት ሳልቀምስ እሰጠዋለሁ። ተቀብሎኝ ያስቀምጠዋል፤ ዞር ስል ደጅ ይደፋዋል። እያደር ምሳና እራቱንም "አልራበኝም" እያለ መመለስ ጀመረ። ለወገቡ ማስታገሻ ከገበያ የሚገዛውን ኪኒን ግን ጧትና ማታ አያጓድልም።

ሞኝ አይደለሁም፤ ነገሩ ገብቶኛል። ብቀምስ ስለቴ ይፈርሳል፤ ባልቀምስ መርዘኛ ልባል ነው።

አንድ ቀን እህቱ ብርቅነሽ ከምትኖርበት ከቀየት ልትጠይቀው መጣች። ለሁለቱም ቀዳሁላቸው።

"ምነው፣ አትቀምሺም እንዴ?" አለችኝ።

"ጠላ ትቻለሁ።"

"የተውሽው ጠላ ነው ወይስ ይኼን ጠላ ነው? መሬቱ በስምሽ ከገባ ወዲህ ወንድሜ ሰው አልመስል ብሏል።"

ሽፈራው ይቆጣታል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ዋንጫውን ወደ እኔ ገፋ አደረገና "እስቲ ቅመሺው" አለኝ። አምስት ልጅ የወለድኩለት ሰው ነው። በንዴት አንስቼ ግማሹን ጨለጥኩት። በልቤ "እመቤቴ፣ ይቅር በይኝ" አልኩ። ቀሪውን እሱ ጠጣው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደም አስመለሰው።

ብርቅነሽ ደጅ ወጥታ ወንድሜን ገደለችው እያለች ጎረቤቱን ሰበሰበች። "እኔም እኮ ጠጥቻለሁ" ብል "ማርከሻውን ቀድማ ወስዳ ነው" አለች። ከዚያ በኋላ የሚሰማኝ ጠፋ። ጠላው ውስጥ ምንም እንደሌለ አውቃለሁ፤ ግን ስለቴን በማፍረሴ የተቀጣሁ መሰለኝና እኔም መንቀጥቀጥ ጀመርኩ። ይህን ያዩ ደግሞ የበለጠ ጠረጠሩኝ።

በቃሬዛ ወደ መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። እኔን አላስጠጉኝም፤ ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ።

በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ሐኪሙ የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ ሲጠይቀው ሽፈራው ኪኒኖቹን ከኪሱ አወጣ።

"ምግብ በልተህ ነው የምትውጠው?"

"በባዶ ሆዴ ነው።"

"ለምን?"

ሽፈራው ወደ እኔ አየ። ሐኪሙም ጨጓራውን ያቆሰለው ይኸው ኪኒን መሆኑን ነግሮ አስቆመው። ሕክምናውን ተከታትሎ ሆዱ ዳነ።

ይቅርታ ጠይቆኛል ማለት አልችልም። የምሰጠውን ሁሉ ግን ሳያገላብጥ ይበላል፣ ይጠጣል። ይህን ሳይ ደስ ሊለኝ ሲገባ አንዳንዴ ያናድደኛል።

ወገቡ እስከ ዛሬ አልተሻለውም። የንስሐ አባቴ ነገሩን በልብሽ አታብሰልስዪው ብለውኛል። እኔ ግን ጧት ከመደቡ ለመነሳት ሲያቃስት በሰማሁ ቁጥር፣ ያን ቀን ባልጠጣ ኖሮ ይድን ነበር ይሆን እላለሁ። ስለቱን አልነገርኩትም። ያልዳንኩት በአንቺ ነው እንዳይለኝ እፈራለሁ። እሱ እኔን መጠርጠር ከተወ ቆይቷል፤ አሁን ራሴን የምጠረጥረው እኔ ነኝ።