ጁሶህ የለም ያለው ዓሣ

ፓሲር ላዳ መንደር ውስጥ ዓሣ የሚፈለገው በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው፤ ጆሮው ደግሞ የጁሶህ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባሕር ውስጥ ገብቶ፣ የጀልባዋን ጠርዝ በአንድ እጁ ይዞ፣ ጭንቅላቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ ሲያዳምጥ ኖሯል። ገላማ የሚባለው ዓሣ ውሃ ውስጥ ያወራል፤ ጎረቤት ቤት ሙቀጫ ሲወቀጥ እንደሚሰማው ድም ድም ይላል። ጁሶህ ሰምቶ ሌላ እጁን ካነሳ መረብ ይጣላል፤ ካላነሳ አይጣልም። አዳማጩ በተናገረው ላይ ቃል መጨመር ነውር ነው። አንዴ የሚስቱ ወንድም ውሃው ላይ "እኔም የሰማሁ መሰለኝ" ቢል፣ ጁሶህ ያኔውኑ ወደ ዳር አስመልሶ ከጀልባዋ አውርዶታል።

በመጋቢት ባሕሩ ሲከፈት ለማድረቅ የሚሆኑትን ትንንሽ ዓሦች ያጠምዳሉ፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገላማን ይከተላሉ። ኅዳር ላይ የዝናቡ ነፋስ ሲመጣ ጀልባውን ሁሉ ወንዙ አፍ ላይ ስበው እስከ የካቲት ቤት ይከተታሉ። ያው ሥራው መረብ መጠገንና ሰው ማማት ነው።

ዘንድሮ ግን ጁሶህ ከሰኔ እስከ ጥቅምት አንድም ቀን እጁን አላነሳም። በመጨረሻ መስጊድ ደጅ ቆሞ፣ "ገላማ ከዚህ ባሕር ጠፍቷል። ልጅ ያለው ሰው ሌላ ሥራ ይፈልግ" አለ። ከልቡ ነው ያለው፤ ዋሽቶ አያውቅም። አሥራ ስምንት ዓመት አብሮት የሠራው ባለጀልባው ደራማንም ቃሉን ተቀብሎ፣ ጀልባዋን ሊሸጥና ከተማ ገብቶ የፋብሪካ ዘበኛ ሊሆን ቆረጠ። ገዢው በኅዳር የመጀመሪያው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይመጣል።

በዚያ ዓርብ ጠዋት የጁሶህ ሚስት ኪያህ ዓሣና ዱቄት እያሸች ታዛጋለች።

"ምነው፣ ስታንኮራፊ አድረሽ ደግሞ ታዛጊያለሽ?" አላት።

"እኔ? እንቅልፍ መች ባይኔ ዞረ! ይሄ ባሕር ሲያገሳ ነው ያደረው። አሁንም ይኸው።"

"የቱ ባሕር?"

"ስንት ባሕር አለን፣ አንተ ሰውዬ? ቤቱን ሊያፈርሰው ነው እኮ!"

ጁሶህ ጆሮውን ሰጠ። የኪያህ ድምፅ ይሰማዋል፤ ዶሮው፣ የሚያልፈው ሞተር ሳይክል ጥሩምባ ይሰማዋል። ባሕሩ ግን የለም።

"ትቀልጃለሽ" ብሎ ወጣ። የኮኮናት ዛፎቹን አልፎ ሲያይ ክው አለ። ከቤት የሚበልጥ ማዕበል ይነሳል፣ አሸዋው ላይ ይከሰከሳል፤ ድምፅ የለውም። ሌላ መጣ። ዝም። ሁለቱን ጆሮዎቹን በመዳፉ መታ መታ አደረገና እንደገና አየ። ዝም! ያኔ ገባው። ወፍራሙ ድምፅ ሁሉ ጥሎት ሄዷል፤ የቀረለት ቀጭኑ ብቻ ነው። ሰው ሲያናግረው ስለሚሰማ ደህና ነኝ ብሎ ኖሯል። እርጥቡ አሸዋ ላይ ዘጭ አለ። አፈረ። ከሐፍረቱ ይልቅ ግን ፍርሃቱ ባሰበት፤ ጀልባዋ ዛሬ ልትሸጥ ነው፣ ያሸጣትም እሱ ነው።

በስልሳ አራት ዓመቱ ሽርጡን ሰብስቦ ወደ ወንዙ አፍ ሮጠ። ደራማንን ጀልባዋን ሲያጥብ አገኘው።

"አትሽጥ!" አለ እያለከለከ። "ገላማው የትም አልሄደም! የጠፋው የኔ ጆሮ ነው። ባሕሩን እንኳ አልሰማም፣ ደራማን፤ ያን ሁሉ ጩኸት አልሰማም!"

ደራማን ባልዲውን አስቀመጠ። ምንም አልደነገጠም፤ ይሄ ራሱ ጁሶህን አስደነገጠው።

"አውቃለሁ፣ ፓ ሎንግ" አለ። ታላቅ አጎት ማለት ነው፤ መንደሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራው።

"ምኑን ነው የምታውቀው?"

"ዓሣው መኖሩን። ነሐሴ ላይ እርስዎ ውሃ ውስጥ እያሉ፣ ከጀልባዋ ወለል ሥር ድም ድም ሲል ሰምቻለሁ። ሦስት ቀን! ከሥራችን ሠርግ ያለ ነበር የሚመስለው።"

የጁሶህ ዓይን ፈጠጠ። "ታዲያ አፍ የለህም? አንተ ጅል! ጀልባህን እስክትሸጥ ድረስ ዝም?"

"እጅዎን አላነሱማ" አለ ደራማን፣ አንገቱን እንደደፋ። "እርስዎ የለም ካሉ፣ አለ የምል እኔ ማን ነኝ?"

ይህን ሕግ ለደራማን ያስተማረው ራሱ ጁሶህ ነው። በሚስቱ ወንድም ላይ ያደረገውንም ደራማን እዚያው ሆኖ አይቷል። ሽማግሌው ጀልባዋን ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ገዢው ባዶ እጁን ተመለሰ።

በሰኔ፣ ገላማው በሚመጣበት ወቅት፣ ውሃው ውስጥ የገባው ደራማን ነው፤ ጁሶህ ሞተሩ ጋ ተቀመጠ። ለጁሶህ ባሕሩ እንደ አምናው ጭር ያለ ነው፤ ድምፅ የሚባል ነገር የለውም። ደራማን እጁን አነሳ። "የለም" የሚለው ቃል የጁሶህ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ደረቱ በእልህ ተቃጠለ። ደራማን በዚያ ነሐሴ ዓሣውን እየሰማ ዝም ማለቱን እንዴት እንደቻለው ለጁሶህ ያን ጊዜ ገባው። ምላሱን ነክሶ መረቡን ጣለ።