የሦስት ክረምት ዋስትና

በቤታችን ወረቀት የማነበው እኔ ነኝ። የመብራት ደረሰኝ፣ የቀበሌ ጥሪ፣ የሐኪም ማዘዣ፣ ምንም ይምጣ ምን እናቴ "ልጄ፣ እስቲ እየው" ብላ ለእኔ ነበር የምትሰጠኝ። መዝገብ ቤት ስለምሠራ ማንበብ ብቻ ሳይሆን መረዳትም የምችል ይመስላት ነበር። እኔም ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ የቤቱ መሠረት የተጠገነ ጊዜ የዋስትናውን ወረቀት ያነበብኩት፣ ያስረዳሁትና ሳጥን ውስጥ የቆለፍኩት እኔ ነኝ። በሌላ ሰው ላላክክ ብል እንኳ የሚመች ሰው የለም።

ቤቱን የሠራው አባቴ ነው። በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ፣ ብዙ ዓመት ካረሰ በኋላ አሶሳ ከተማ ጫፍ ላይ ቦታ አገኘ። ቦታው ውሃ የሚወርድበት ዝቅታ ነው፤ አፈሩም ዋልካ። ዋልካ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ላዩ ላይ የተሠራውን ቤት በየዓመቱ ያነሳዋል፣ ያወርደዋል። አባቴ ይህን አያውቅም ነበር አልልም፣ ገበሬ ነው። ግን የተሻለ ቦታ የሰጠው የለም። ድንጋይ ደርድሮ፣ እንጨት አቁሞ፣ ጭቃ መርጎ፣ ላዩን በሲሚንቶ ለስኖ ገባበት። እዚያ ወለደን፣ እዚያ ሞተ። ከእሱ በኋላ እናቴ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር። "የኔም ጀናዛ ከዚሁ በር ይውጣ" ትል ነበር።

አባቴ በሞተ በዓመቱ የሰሜኑ ማዕዘን ተሰነጠቀ። የጓዳው በር አልዘጋ አለ። እናቴ "ሳይቃጠል በቅጠል" ብላ ወጥራ ስለያዘችኝ፣ ጠይቄ መሠረት የሚጠግኑ የግንበኞች ማኅበር አገኘሁ። ሰባት ናቸው። መሪያቸው በብሔረሰቡ በርታ ነው፤ ሱዳን ውስጥ ለዓመታት በግንበኝነት ሠርቶ፣ በጠረፏ ኩርሙክ በኩል ወደ አገሩ የተመለሰ፣ ረጅም፣ በተሰባበረ አማርኛ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። ማዕዘኑን ከሥር በየተራ ቆፍረው ኮንክሪት ሞሉት፤ የጣሪያው ውሃ ከግድግዳው እንዲርቅም ቦይ አወጡለት። ሲሠሩ አይቻለሁ፤ አንድም ነገር አልሰረቁም፣ አንድም ነገር አላጭበረበሩም። ይህን ቀድሜ መናገር አለብኝ።

ሲጨርሱ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጡኝ። ዋስትናው ለሦስት ክረምት ነው። እኔ ዋስትና ሲባል ቤቱ አይሰነጠቅም ማለት ይመስለኝ ነበር። ወረቀቱ ግን እንደዚያ አይልም። የሚለው፣ ቢሰነጠቅ እንመጣለን ነው፤ ያውም ስንጥቁ ከጠገንነው መሠረት የመጣ ከሆነ፣ ቦዩ ካልተደፈነ፣ ደግሞም ምልክቱ ካልተነካ።

ምልክቱ መስታወት ነበር። መሪያቸው ጣት የሚያህሉ ሦስት ቁራጭ መስታወቶች አምጥቶ፣ የድሮውን ስንጥቅ አግድም እንዲያቋርጡ አድርጎ በሲሚንቶ ለጠፋቸው፤ ከጎናቸውም ቀኑን ጻፈ። እናቴ ገበያ ሄዳ ስለነበር ያስረዳው ለእኔ ነው።

"መስታወት አይለጠጥም" አለኝ። "መሬት ትንሽ ከሄደ መስታወት ይሰበራል። በተሰበረ ቀን ደውል፣ እኛ መጣን። መስታወት ከሌለ ግን ኻላስ፣ አለቀ፤ እኛ ምንም አናውቅም።"

ገባኝ። እናቴ ስትመለስ ግን የነገርኳት "የሦስት ክረምት ዋስትና አለን" ብዬ ብቻ ነው። ቀሪውን ማስረዳት ሰለቸኝ። ሰው ሁሉ "ምን ይላል?" እያለ ሲጠይቀኝ ስለሚውል፣ ቤት ስደርስ ንግግሬ አጭር ነው። መስታወቶቹን አይታ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ስትል "ለምልክት ነው" አልኳት። እሷም "አልሐምዱሊላህ" ብላ ከገበያ ያመጣችውን ማውጣት ጀመረች።

የመጀመሪያው ክረምት በሰላም አለፈ። በበጋው እህቴ ልታገባ ሆነ። እንደሚታወቀው ሙሽራ የሚወጣበት ቤት ካልተለሰነና ካልተቀባ የሰርግ ቤት አይባልም። ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው የሰፈሩ ሴቶች ቀለምና ስቱኮ ይዘው በደቦ መጡ። ከእነሱ አንዷ አባቴ የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ለሐዘንተኛው ወጥ ስትሠራ የሰነበተች ጎረቤታችን ነበረች። ከውጭ ስገባ በቢላዋ የመጨረሻውን መስታወት ስትፈቀፍቅ አገኘኋት። ሁለቱን ጨርሳለች።

"ምነዋ አንተ! ይሄን ቆሻሻ ለጥፋችሁ ነው ሙሽራ የምታስወጡት?" አለችኝ እየሳቀች።

አፌን ከፈትኩ። በእጇ ላይ ያለው ስቱኮ፣ ላቧ፣ የአባቴ ሐዘን ሁሉ ባንድ ላይ ታየኝ። ይህን ሰው እንዴት ተይ እላለሁ? ደግሞስ ሰው ፊት የውል አንቀጽ ልጠቅስ ነው? ይሉኝታ ያዘኝ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ "ያ ነገር ይፈለጋል እንዴ?" ስትለኝ "አይ፣ ምንም አያደርግ" አልኳት። ሦስተኛውንም አነሳችው። ግድግዳው በስቱኮ ተደፍኖ ክሬም ቀለም ተቀባ፤ እውነት ለመናገር አማረ።

ከሰርጉ በኋላ ግንበኛውን ጠርቼ መስታወት አስለጥፋለሁ ብዬ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ግንቦት ደረሰ፤ ዝናቡ ጀመረ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ውስጥ ውስጡን ሲነቅዝ ከረመ፤ ላዩን ክሬም ቀለም ነበርና አላየሁትም።

ሐምሌ ላይ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተከፈተ። በስንጥቁ ውስጥ የጎረቤታችን የቀርከሃ አጥር ይታይ ነበር። እናቴ አልደነገጠችም። "ዋስትና አለን አይደል? በል ጥራዋ" አለችኝ፤ እንደ ለማኝ ሳይሆን፣ መብት እንዳለው ሰው።

ሰውየው በዝናብ መጣ። ቁጢጥ ብሎ ግድግዳውን በእጁ ዳበሰ፤ መስታወቱን ፈለገ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና "ና ውጭ" አለኝ። ከማንጎው ሥር ቆምን።

"ማን ነካ?"

ነገርኩት። ለእሱ ብቻ ነው የነገርኩት።

ራሱን ነቀነቀ። "ይሄ ዛሬ አይደለም። ሁለት ወር ይሆናል። መስታወት ቢኖር ያኔ ትደውል ነበር፣ እኛ እንይዝ ነበር። አሁን ግድግዳ ራሱ ሄደ፤ በክረምት ደግሞ ከሥር መቆፈር አይቻልም፣ ሰው ይሞታል።"

"ዋስትናውስ?"

"ወላሂ፣ እኔ ብቻ ብሆን እሠራ ነበር። ሰባት ሰው ነው። መስታወት አየሁ ብዬ እነሱን አልዋሽም።"

ልናደድበት ፈለግሁ፤ የምናደድበት ነገር አጣሁ። ገብቼ ለእናቴ "አይሠሩም" አልኳት። "ለምን?" ስትለኝ "እንጃ፣ ወረቀቱ ላይ ሰበብ አለ" አልኳት። እንዲህ ነው ያልኩት። ከዚያች ቀን ጀምሮ እናቴ ሰውየውን ቃሉን የበላ አድርጋ ያዘችው፤ እኔም አላረምኳትም። እያንዳንዱ ቀን ሲያልፍ ማረሙ ይከብዳል፤ ፈሪ ሰው ብቻ ነው ይህን የሚያውቀው።

ነሐሴ ላይ ማዕዘኑ ዘመመ። ከከተማው አስተዳደር የመጣ ባለሙያ ሰው እንዳያድርበት ብሎ ሄደ። መስከረም ላይ ዕቃ አወጣን። ግንበኛው ሰምቶ ሊያግዝ መጣ። እናቴ ግቢው መሀል፣ በጎረቤቱ ሁሉ ፊት አስቆመችው።

"አንተ ልጅ፣ ሦስት ክረምት ብለኸን አልነበረም? እኔ ምን አደረግሁህ?"

ዞሮ እኔን አየኝ። ጠበቀኝ፤ ረጅም ጊዜ ጠበቀኝ። እኔ የአልጋውን እግር እያሰርኩ እንደሆንኩ ሁሉ ገመዱ ላይ አቀረቀርኩ።

"ጥፋት የኔ ነው፣ እማማ" አላት በመጨረሻ። "አፉ በለኝ።"

"ይቅር አልልህም። አላህ ይየው" አለችው። ከዚያ በሩን ቆልፋ ቁልፉን መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። ያን ቁልፍ ምን ልታደርገው እንደፈለገች አላውቅም፤ በሩን በሚቀጥለው ወር እኛው ነን ነቅለን ለማገዶ የወሰድነው።

አልጋውን እኔና እሱ ተሸክመን ወጣን። ጋሪው ላይ ካሳረፍነው በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አንድ ቀን ለእናት ንገር" አለኝ። እሺ አልኩት።

እናቴን ወደ ተከራየሁት ሁለት ክፍል ወሰድኳት። ለመጣ እንግዳ ሁሉ "ለዚያ ሰውዬ ቤታችሁን እንዳታስነኩት" ትል ነበር። የወሎ ሰው የእናቴን ቃል ያከብራል፤ ሥራ እንደቀነሰበት ሰማሁ። ብዙ ጊዜ ልነግራት ተነስቻለሁ። አንዴ ደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ነበር፤ አንዴ ረመዳን ነበር፤ አንዴ ደግሞ ምንም ምክንያት አልነበረኝም። ቁጭ ብዬ ሻይ ጠጥቼ ተነሳሁ።

አምና ክረምት ሊገባ ሲል ሞተች። ጀናዛዋ ከኪራይ ቤት፣ አንድ ቀን እንኳን ወዳው በማታውቀው በር ወጣ። ሶላቱ ከመሰገዱ በፊት፣ እንደ ልማዱ፣ አንድ ሽማግሌ ወደ ሰው ዞረው "ሟቿ ላይ ሐቅ ያለው፣ የበደለችው ሰው ካለ፣ ዛሬ አፉ ይበላት" አሉ።

ከኋላ ረድፍ አንድ ሰው "አፉ ብያለሁ" አለ። ድምፁን አወቅሁት። ሌላ ማንም እናቴ ምን እንደበደለችው አልገባውም፤ እሷም ሳታውቅ ነው የሄደችው። እኔ ከፊት ረድፍ ነበርኩ። ሽማግሌው ሌላ ሰው ካለ ብለው ትንሽ ጠበቁ፤ ከዚያ ሶላቱ ተጀመረ።